ባለቤት ፍለጋ

በአማርኛ «ባለቤት» የሚለው ቃል ሦስት ሸክም ተሸክሞ ይኖራል። የንብረት ጌታ ባለቤት ይባላል፤ የትዳር ጓደኛ ባለቤት ይባላል፤ በሰዋስው ትምህርት ደግሞ ድርጊቱን የሚፈጽመው የዐረፍተ ነገሩ አካል ባለቤት ይባላል። ገጣሚውም ስንኙን የሚያሳርፍበትን ድምፅ «ቤት» ይለዋል፤ ቤት ያልመታ ግጥም ደጅ ያደረ መንገደኛ ይመስላል። ቋንቋው ይህን ሁሉ በአንድ ቃል ማሰሩ ያለ ምክንያት አይደለም። ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሚያርፍበት ጣራ ሲኖረው ነው ለትዳሩም፣ ለሥራውም፣ ለቃሉም ባለቤት የሚሆነው።

ይህን የቃል ዝምድና በሞያሌ ለብዙ ዓመታት በሰሌዳ ላይ እየጻፈ ያስተማረ አንድ የአማርኛ መምህር፣ ለ2 ዓመት የሁለተኛ ዲግሪ ትምህርት ወደ አዲስ አበባ በመጣ ጊዜ ትምህርቱ በራሱ ላይ ተመልሶ መጣበት። ባለቤቱና ሁለት ልጆቹ በሞያሌ ቀርተዋል፤ እርሱ ግን ከእነርሱ ወደ 770 ኪሎ ሜትር ርቆ ሌላ ባለቤት፣ ይኸውም ቤት የሚያከራየው ሰው፣ ይፈልግ ጀመር። የተመኘው ቤት ታላቅ አልነበረም። አዲስና ንጹሕ የሆነ፣ መጽሐፍ የሚዘረጋበት ብርሃን ያለው፣ ቤተሰቡ በክረምት መጥቶ ቢያርፍ የማያሳፍር፣ ኪራዩም ለሞያሌው ጎጆ የሚላከውን ገንዘብ የማይበላ ቤት ነበር። ይህ ትንሽ ምኞት በትልቅ ከተማ ውስጥ ስለምን ትልቅ እንደሚሆን መመርመር ተገቢ ነው።

ሞያሌን የሚያውቅ ሰው፣ መምህሩ ስለ ቤት ያለው አስተሳሰብ ከከተሜው የተለየ መሆኑን ለመረዳት አይቸገርም። ከተማዋ በኢትዮጵያና በኬንያ ድንበር ላይ በመቀመጧ አንዲቱ ሞያሌ ሁለት ሞያሌ ሆናለች። ቦረናው፣ ሶማሌው፣ ጋብራው፣ ቡርጂው፣ ኮንሶውና ከሰሜን የወረደው ነጋዴ በአንድ ገበያ ይገናኛሉ፤ በአንድ ባንኮኒ ላይ ብርና ሽልንግ ይቈጠራል። በከተማዋ ውስጥ እርግጥ የቆርቆሮ ክፍል በወር ይከራያል። ከከተማው ወጣ ሲባል ግን በአርብቶ አደሩ ዘንድ ቤት የሴቶች እጅ ሥራ ነው። የቦረና ሴቶች እንጨቱን አጉብጠው ሣር ያለብሱታል፤ የሶማሌ ሴቶች ቤታቸውን ነቅለው፣ ቆላፋውን እንጨትና ምንጣፉን በግመል ጭነው፣ ዝናብ በዘነበበት ስፍራ መልሰው ይተክሉታል። ጎጆዋን የሠራችው ሚስቲቱ ናትና በዚያ አገር ሁለቱ የ«ባለቤት» ትርጉሞች በአንዲት ሴት ላይ ይገናኛሉ። ጎረቤት ለግንባታው እጁን ያበድራል፤ ያበደረውም በተራው ይመለስለታል። የወር ኪራይ የሚባል ነገር የለም።

በዚያ አገር ጣራ ማጣት ምን እንደሆነ አይታወቅም ማለት አይደለም። በመጋቢት 2010 ዓ.ም. በሞያሌ ሰላማዊ ሰዎች በወታደሮች ጥይት በተገደሉ ጊዜ፣ በሺዎች የሚቈጠሩ ነዋሪዎች ድንበሩን ተሻግረው በኬንያ ተጠልለዋል። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. ዝናቡ በተከታታይ በቀረ ጊዜም፣ ከብቶቹ ያለቁበት የቦረና ሕዝብ በዱብሉቅና በሌሎች ስፍራዎች ላስቲክና ጨርቅ ወጥሮ ሰንብቷል። መምህሩ በ2010 ዓ.ም. ልጆቹን አዝሎ ከተሻገሩት አንዱ ነበር። በወዲያኛው ሞያሌ በራቸውን የከፈቱለት ሰዎች ስለ ዋጋ አልተናገሩም፤ ሻይ አፍልተው ምንጣፍ አነጠፉለት። ስለዚህ ወደ አዲስ አበባ በገባ ጊዜ፣ «ጣራ ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፍ ውለታ ነው» የሚል እምነት በልቡ ይዞ ነበር። ከተማዋ ግን ሌላ ትምህርት አዘጋጅታ ትጠብቀው ነበር።

የአዲስ አበባ የጣራ ታሪክ በሕግና በገንዘብ የተጻፈ ነው። አንባቢ እንደሚያስታውሰው የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት መሆኑ ሲታወጅ፣ ከምርቱ ሲሶውን ወይም እኩሌታውን ለባለ መሬት ይገብር የነበረው ጭሰኛ ከዚህ ግብር ነጻ ወጣ። በዚያው ዓመት ሐምሌ 19 ቀን ደግሞ አዋጅ ቁጥር 47 የከተማን ቦታና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። አንድ ቤተሰብ ከአንድ መኖሪያ ቤት በላይ እንዳይኖረው ተደነገገ፤ ቤት ማከራየት የመንግሥትና የቀበሌ ሥራ ሆነ፤ ኪራይም እስከ 50 በመቶ ድረስ እንዲቀንስ ተደረገ። ወርኃዊ ኪራያቸው ከ100 ብር የማይበልጥ ቤቶች በቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆኑት በኪራይ ቤቶች አስተዳደር እጅ ገቡ።

በዚህ እርምጃ ብዙ ድኻ ቤተሰብ ከአከራይ ደጅ ጥናት አረፈ። ይሁን እንጂ የቀበሌ ቤት ኪራይ ለአሥርተ ዓመታት እምብዛም ሳይለወጥ ሲቆይ፣ ለዕድሳት የሚሆን ገንዘብም አብሮ ጠፋ። ጣራው ዛገ፣ ግድግዳው ተሰነጠቀ፣ በአንድ መጸዳጃ ብዙ ቤተሰብ ተሰለፈ። የከተማው ሕዝብ ሲበዛ ቤቱ አብሮ አልበዛም። ኪራይን ማርከስና ቤትን ማብዛት ሁለት ልዩ ልዩ ሥራዎች መሆናቸው፣ አንዱም ያለ ሌላው እንደማይጸና፣ የዚያ ዘመን ልምድ ያሳያል።

ሁለተኛው ትልቅ ሙከራ በ1996 ዓ.ም. ጀመረ። በቦሌ ገርጂ በተደረገው ሙከራ፣ በጀርመን የቴክኒክ ትብብር ድርጅት እገዛ፣ በተዘጋጁ ብሎኬቶችና አግዳሚዎች አማካይነት ርካሽ ፎቅ መሥራት እንደሚቻል ታየ። ከዚያም የጋራ መኖሪያ ቤት፣ በሕዝቡ አጠራር «ኮንዶሚኒየም»፣ በሰፊው ይገነባ ጀመር። በ1997 ዓ.ም. ሕዝቡ ተመዘገበ፤ በ2005 ዓ.ም. ደግሞ 10/90፣ 20/80ና 40/60 በተባሉ መደቦች እንደገና ተመዘገበ። ቍጥሮቹ ቈጣቢው በቅድሚያ የሚያስቀምጠውንና ባንክ የሚያበድረውን ድርሻ ያመለክታሉ። ዕጣው ሲወጣ 30 በመቶው ለሴቶች ተለይቶ ይመደባል። ጎተራ፣ ጀሞ፣ ሰሚት፣ የካ አባዶ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ቦሌ አራብሳ፣ ኮዬ ፈጬ የሚባሉት ስሞች በዚህ መንገድ ከእርሻና ከገደል ስምነት ወደ አድራሻነት ተለወጡ። በ2011 ዓ.ም. ብቻ ከ51 ሺህ በላይ ቤቶች በአንድ ጊዜ ዕጣ ወጥቶባቸዋል፤ የከተማዋ ድንበርና የገበሬው መሬት ጥያቄም በዚያው ጊዜ አብሮ ተነሥቷል።

ታዲያ ይህን ያህል አዲስ ቤት ከተሠራ መምህሩ ለምን ተቸገረ? የነገሩ ቍልፍ ቤቱ የተሠራበት ዓላማ ላይ ነው። የአውስትሪያ ዋና ከተማ ቪየና ከ1920ዎቹ ጀምሮ፣ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1923 ባወጣችው የቤት ግንባታ ግብር እየታገዘች፣ በሺዎች የሚቈጠሩ ቤቶችን ስትሠራ ባለቤቱ ማዘጋጃ ቤቱ ራሱ ነበር፤ ቤቱም የተሠራው ለኪራይ ነበር። በ1930 የተመረቀውና ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝመው የካርል ማርክስ ሆፍ ሲሠራ ከ1,300 በላይ መኖሪያዎች ነበሩት፤ ዛሬም ለኪራይ ያገለግላል። አዲስ አበባ ግን ጋራ መኖሪያ ቤቶቿን የሠራችው ለሽያጭ ነው። ዕጣ የወጣለት ሰው የባንክ ባለዕዳ ይሆናል። ቤቱን የሚረከበውም አጥንቱን ነው፤ ወለሉን፣ በሩን፣ ቀለሙን፣ ቧንቧውን ራሱ ያሟላል። ብዙው ባለ ዕጣ ዕዳውንና ማጠናቀቂያውን መቻል ሲያቅተው ቤቱን ለሚችል ሰው ያከራይና ራሱ በርካሽ ስፍራ በጥገኝነት ይኖራል። የተባበሩት መንግሥታት የሰፈራ ድርጅት በ2003 ዓ.ም. ባወጣው ጥናት ይህን አመልክቶ ነበር። እንግዲህ ለዝቅተኛ ገቢ የተሠራው ቤት ለኪራይ ገበያ የሚደርሰው በሁለተኛ እጅ፣ የባንክን ወርኃዊ ክፍያና የደላላን ድርሻ ተሸክሞ ነው። የብር ምንዛሪ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ደግሞ ከውጭ የሚመጣው ሴራሚክና ቧንቧ ዋጋው ሲንር፣ አዲስ ቤት ለማጠናቀቅ የወጣው ሁሉ በኪራዩ ላይ ተጨመረ።

መምህሩ በአውቶቡስ ተራ አካባቢ አልጋ ይዞ ሒሳቡን በደብተሩ ጻፈ። ከ2018 ዓ.ም. መጀመሪያ ወዲህ አንድ የመጀመሪያ ዲግሪ ያለው የመንግሥት ሠራተኛ ሥራ ሲጀምር መነሻው 11,500 ብር ነው፤ የእርሱ ደመወዝ በአገልግሎቱ ምክንያት ከዚህ ጥቂት ይበልጣል። ከዚያ ላይ ግብርና 7 በመቶ የጡረታ መዋጮ ይቀነሳል። የተረፈውን በሦስት ከፈለው፤ ሲሶው ለሞያሌ፣ ሲሶው ለምግብና ለመጓጓዣ፣ ሲሶው ለቤት ኪራይ። የመነሻው ደመወዝ ሲሶ 3,833 ብር ነው። መምህሩ የጠየቃቸው አዳዲስ ቤቶች ሁሉ፣ ባለ አንድ ክፍሉ ስቱዲዮ እንኳ ሳይቀር፣ ከዚህ እጥፍና ከዚያም በላይ ተጠሩበት። «ሲሶ» የሚለውን ቃል ሲጽፍ ብዕሩ ቆመ። ያ ቃል ከ1967 ዓ.ም. በፊት የጭሰኛው ቃል ነበር። በከተማ ደግሞ ሲሶ የሚከፍል ተከራይ ዕድለኛ፣ እኩሌታ የሚከፍል እንደ ማንኛውም ሰው ሆኗል። ጭሰኛው ቢያንስ መሬቱን አርሶ ነበር የሚያካፍል፤ ተከራዩ የሚያካፍለው ግን ያላደገ የልጆቹን ጉልበት ነው ብሎ አሰበ።

በፍለጋው በ7ኛው ቀን አንድ ደላላ ስልክ ደወለለት። «መምህር፣ ቶሎ ይድረሱ፤ ቤቱ አዲስ ነው፤ ሽታው እንኳ ገና የቀለም ነው» አለው። እውነትም አዲስ ነበር። ከትምህርት ቤቱ ሩቅ ያልሆነ የግለሰብ ሕንጻ ላይ ያለ አንድ መኝታ ክፍል ያለው ቤት ነው። በመስኮቱ የእንጦጦ ባሕር ዛፍ ይታያል፤ ቧንቧው ሲከፈት ውኃ ይወርዳል። ኪራዩ እስካሁን ካያቸው አዳዲስ ቤቶች ሁሉ ያንሳል። አከራዩ በዕድሜ ጠና ያሉ፣ አነጋገራቸው የታረመ ሰው ነበሩ።

«ወንድሜ፣ መምህር መሆንህን ሰምቼ ነው የቀነስኩት» አሉት። «ሁለት ነገር ብቻ እንስማማ። የ6 ወሩን በቅድሚያ ትሰጠኛለህ። በውሉ ላይ ደግሞ የምንጽፈው ግማሹን ይሆናል። ቤት የሚያስወድደው ግብሩ ነው፤ አንተም ተጠቀም፣ እኔም ልጠቀም።»

ከዚህ ላይ ሕጉን ማስታወስ ያስፈልጋል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 ውሉ በጽሑፍ እንዲሆን፣ ዘመኑም ከ2 ዓመት እንዳያንስ ያዝዛል። ውሉ በ30 ቀን ውስጥ መመዝገብ አለበት፤ ቅድሚያ ክፍያ ከ2 ወር ኪራይ መብለጥ የለበትም፤ ክፍያውም በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ ይፈጸማል። የኪራይ ጭማሪ በዓመት አንድ ጊዜ፣ ተቆጣጣሪው በሚወስነው ልክ ብቻ ነው። ተከራይቶ የማያውቅን አዲስ ቤት የመጀመሪያ ዋጋ ግን አዋጁ አልተመነም፤ ለተዋዋዮቹ ስምምነት ትቶታል። ስለዚህ አዲስ ቤት ለሚፈልግ ሰው ሕጉ የሚጠቅመው የመጀመሪያውን ዋጋ በማውረድ ሳይሆን፣ ከዚያ በኋላ ያለውን 2 ዓመት በማጽናት ነው። በውሉ ላይ ግማሽ ዋጋ የተጻፈበት ተከራይ ይህንኑ ጽናት በገዛ ፊርማው ይሰጣል። አከራዩ ነገ «ጨምር ወይም ውጣ» ቢለው ለዳኛ የሚያሳየው ወረቀት ራሱ ሐሰት ነውና።

መምህሩ ይህን ሁሉ ያውቅ ነበር። ቢሆንም የአልጋው ኪራይ በየሌሊቱ ኪሱን እየቀነሰ ነበር፤ ትምህርት ሊጀመር የቀረው 4 ቀን ነበር፤ ትናንት ማታ ባለቤቱ በስልክ «ልጆቹ አባታችን ቤት አገኘ ወይ እያሉ ይጠይቁኛል» ብላው ነበር። ወለሉን አየ፤ ቧንቧውን አየ። ለ15 ዓመታት ተማሪዎቹን «ቃል የተጻፈ እንደሆነ ጸሐፊው በሌለበት ስለ ጸሐፊው ይመሰክራል» እያለ ማስተማሩ ትዝ አለው።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ ጋሼ» አለ። «የምከፍልዎትን ከሆነ ልጻፍ። የማልከፍልዎትን ግን መጻፍ አይሆንልኝም።»

ሰውየው አልተቈጡም። «እንግዲያው እግዚአብሔር ይስጥህ» ብለው ቍልፉን ወደ ኪሳቸው መለሱ። ደላላው ደረጃውን ሲወርዱ «መምህር፣ እንዲህ ከሆነማ ደጅ ነው የሚያድሩት» አለው። በዚያ ሰዓት የደላላው ቃል እውነት ይመስል ነበር።

በነጋታው መምህሩ ፍለጋውን ከመሐል ከተማ ወደ ዳር አወጣው። ከደቡብ የሚመጣ መንገደኛ ዱከምን አልፎ አዲስ አበባ ሲገባ መጀመሪያ የሚያገኘው ቱሉ ዲምቱን ነው፤ የአዳማው የፍጥነት መንገድም የሚነሣው ከዚያ ነው። ከ10 ቀን በፊት በሌሊት አውቶቡስ እየመጣ፣ እንቅልፍ በያዘው ዓይን በመስኮት አይቶት ያለፈው የፎቅ ረድፍ ያ ነበር። ለሞያሌ ሰው ከተማው የሚያልቅበት ሳይሆን የሚጀምርበት ስፍራ መሆኑ ነው። መምህሩ በዚያ ከሱቅ ወደ ሱቅ እየጠየቀ ያለ ደላላ አንዲት እናት ዘንድ ደረሰ።

እናቲቱ በ1997 ዓ.ም. ተመዝግበው፣ ለሴቶች በተለየው ድርሻ ዕጣ የደረሳቸው ነበሩ። ቤቱን ሲረከቡ በር እንኳ አልነበረውም። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ያገኙትን እያስገቡ አንድ ዓመት በሩን፣ አንድ ዓመት ወለሉን፣ አንድ ዓመት መስኮቱን አሠሩ። ማጠናቀቂያው ያለቀው ገና በቅርቡ ነው። ግንቡ የቆየ ቢሆንም ሰው ያላደረበት ቤት ነውና አዲስ ነበር። እናቲቱ ራሳቸው በልጃቸው ቤት፣ በአንድ ክፍል ውስጥ በመጋረጃ ተከልለው ይኖራሉ።

«ልጄ፣ ተርፎኝ እንዳይመስልህ» አሉት። «አንተ የምትሰጠኝን እኔ ለባንኩ እሰጠዋለሁ። ከእጄ አያድርም። ከዚህ በታች ብወርድልህ ባንኩ አይወርድልኝም።»

«እማማ፣ እርስዎ በቤትዎ ሳያድሩበት እኔ ላድርበት ነው?» አለ መምህሩ፤ ከአፉ አምልጦት።

«ምን ታደርገዋለህ» አሉ። «አንተም እኮ ቤትህን ትተህ ነው የመጣኸው።»

የጠሩት ኪራይ አሁንም ከመምህሩ ደመወዝ እኩሌታ ነበር። ከዚህ ላይ ያዳነው ጥንታዊው መላ፣ ደባልነት፣ ነው። በትምህርት ክፍሉ ከነጌሌ ቦረና የመጣ፣ እንደ እርሱ አልጋ ይዞ የሚንከራተት ሌላ መምህር ነበር። ሁለቱ ኪራዩን ቢካፈሉ እያንዳንዳቸው ከሲሶ የሚያንስ ይደርሳቸዋል። እርግጥ ከቱሉ ዲምቱ ስድስት ኪሎ መድረስ በጠዋት ሰልፍና በሁለት ሦስት ታክሲ ነው፤ ከኪራዩ የተረፈው ጥቂቱ ወደ መጓጓዣ ይሄዳል፤ በየቀኑም ብዙ ሰዓት በመንገድ ላይ ይቀራል። የርካሽ ቤት ዋጋ ሁልጊዜ በብር ብቻ እንደማይከፈል ሁለቱም አውቀው ገቡበት።

ውሉ ለ2 ዓመት ተጻፈ። የተጻፈው ዋጋና የተከፈለው ዋጋ አንድ ነበር፤ ቅድሚያውም የ2 ወር ብቻ። እናቲቱ ጽሑፍ እምብዛም አያነቡምና መምህሩ እያንዳንዱን አንቀጽ ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበላቸው፤ ባልገባቸው ላይ እያስቆሙት፣ እርሱም እየተረጐመ። ከዚያም ሦስቱም አብረው ወደ ወረዳው ሄደው አስመዘገቡ። እናቲቱ በመጨረሻ አንድ ነገር ጠየቁ፤ በውሉ ላይ ግን እንዲጻፍ አልፈለጉም። «በዓመት በዓል እመጣና ቡና አፈላበታለሁ» አሉ። «ቤቴ ድምፄን ይልመደው።» በመጀመሪያው በዓል ቄጤማውን ራሳቸው ይዘው መጡ። በሠሩት ወለል ላይ ጐዝጕዘው፣ ጀበናቸውን ጥደው ሲቀመጡ፣ ሁለቱ ተከራዮች እንግዶች፣ እርሳቸው አስተናጋጅ ሆኑ። ሦስተኛውን ሲጠጡ መሽቶ ነበር፤ ዕቃቸውን ሰብስበው ወደ ልጃቸው ቤት ሄዱ።

ቤቱ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ውኃ ደግሞ በፈረቃ ነው። ውኃው በሚመጣበት ሌሊት ምድር ቤት ያሉት ቀድመው ይቀዳሉ፤ አንዳንዱም በሞተር ይስበዋል። ጉልበቱ ተዳክሞ ላይ ሳይደርስ ይነጋል። በደረጃው ላይ ጀሪካን ተሸክሞ መውጣት፣ በደረጃውም ላይ መጣላት የሕንጻው ልማድ ነበር። በነዋሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ ጉዳዩ ሲነሣ አንዳንዱ ቧንቧውን እንቈልፍ፣ አንዳንዱ በገንዘብ ይሁን አለ። የሞያሌው መምህር እጁን አውጥቶ ስለ ቱላ ጕድጓዶች ተናገረ።

በቦረና ምድር ዘጠኙ ቱላዎች የሚባሉ ጥልቅ የውኃ ጕድጓዶች አሉ። ሰዎች ከሥር እስከ አፍ ተደራርበው ቆመው፣ እየዘፈኑ፣ ባልዲውን ከእጅ ወደ እጅ እያቀበሉ ውኃውን ያወጣሉ። ጕድጓዱን መጀመሪያ ያስቈፈረው ሰውና ጎሣው ባለ መብት ናቸው፤ ውኃው ግን በገንዘብ አይሸጥም። የየቀኑን ተራ የሚያስጠብቀው «አባ ሄሬጋ» የሚባል ሰው ነው። በበጋ ከብት በሦስተኛው ቀን ይጠጣል፤ ተራውን የዘለለ በሽማግሌ ፊት ይጠየቃል። «ውኃ ባነሰበት አገር የሰው መብት የሚጸናው ተራ ሲከበር ነው» ብሎ መምህሩ ንግግሩን አሳጠረ። ከነጌሌ የመጣው ጓደኛው ደግሞ በጥር 1966 ዓ.ም. በነጌሌ የነበረው ጦር ያመፀው በመጥፎ ምግብና በውኃ ምክንያት መሆኑን፣ የአገር ታሪክ የተለወጠበት ነገር ከአንድ ውኃ እንደጀመረ አስታወሰ። ተሰብሳቢው ሣቀ፤ ከሣቁ በኋላ ግን መደማመጥ ጀመረ። ለየፎቁ ሰዓት ተመደበ፤ ከላይ እንዲጀመር ሆነ፤ ተራ አስጠባቂ ተመረጠ። ሁለተኛ ፎቅ የሚኖሩ አንድ ጡረተኛ ሾፌር ሲሆኑ፣ ከዚያ ቀን ወዲህ የሕንጻው ልጆች «አባ ሄሬጋ» ይሏቸዋል። ውኃው አልበዛም። ጠቡ ግን ቀነሰ፤ አራተኛ ፎቅም በሳምንት አንድ ሌሊት ቧንቧው ይዘፍናል።

ይህ የአንድ ሕንጻ መላ ነው፤ የከተማን ጥያቄ አይመልስም። ሁለት ደመወዝተኛ መምህራን ተዳብለው አንድ ቤት ሲችሉ፣ ባለ ቤተሰቡ ሠራተኛ ከማን ጋር ይዳበላል? እናቲቱ ዕዳቸውን ከፍለው እስኪጨርሱ በመጋረጃ ውስጥ ሲኖሩ፣ ቤቱ የማን ነው? ከተማዋ ለሽያጭ የሠራችው ብዙ ነው፤ ለሠራተኛው በተመጠነ ዋጋ ለኪራይ ብላ የምትሠራው ግን ገና ብዙ ይቀረዋል። ሕግ ውልን ያጸናል፤ ጣራ ግን በሲሚንቶና በበጀት ነው የሚሠራ። ሁለቱን ያጣመረ ከተማ መምህሩን ከዳር ወደ መሐል፣ እናቲቱንም ከመጋረጃ ወደ ቤታቸው ያስገባል።

በክረምት የመምህሩ ቤተሰብ ከሞያሌ መጣ። ደባሉ ክፍሉን ለቆ ወደ ነጌሌ ወርዶ ነበር። ባለቤቱ ደረጃውን ቈጥራ ወጥታ፣ በሩ ላይ ቆማ ግድግዳውን በመዳፏ ዳሰሰችው። የእርሷ እናት ቤት የሠራችው በእጇ ነበርና፣ ብሎኬቱ በምን እንደተያያዘ፣ ማን እንደሠራው ጠየቀች። መምህሩ ስለ እናቲቱ፣ ስለ በሩ ዓመት፣ ስለ ወለሉ ዓመት፣ ስለ መስኮቱ ዓመት ነገራት። እርሷም ጥቂት ዝም ብላ፣ «እንግዲያው ለበዓል እስኪመጡ አንጠብቅ» አለች፤ «እሑድ ጥራቸውና በቤታቸው ይደሩ።»